ዮል የሚሉት አካ፣ ጆል የሚሉት አፓ

ሎክዳውኑ በታወጀ በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ ቤት ውስጥ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ማጠብ ጀመረች። መጋረጃው ታጠበ፣ የሶፋው ልብስ ታጠበ፣ ታጥቦና ታጥፎ የተቀመጠው አንሶላ ደግሞ እንደገና ወጥቶ ታጠበ። በሽታው በምን እንደሚመጣ ማንም በቅጡ አያውቅም ነበርና፣ እጇ ሥራ ሲፈታ ፍርሃቱ ይብስባት ነበር። እኔም ባልዲውን ተሸክሜ ሳላንገራግር እከተላታለሁ። ማጠቢያው ያለው ጣሪያው ላይ ነው፤ በዚያ ሰሞን ሰማይ የሚታየኝም እዚያ ብቻ ነበር።

የምንኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ በቆመ ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ ፍላት ውስጥ ነበር። ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ የሲሚንቶ ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ የልብስ ማስጫ ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥረዋል። ከዚያ ሆኖ ላየ ከድሮ የወርቅ ጉድጓድ የወጣው አፈር ቢጫ ተራራ ሆኖ ይታያል። ባቡሩ ቆሟል፤ የታክሲዎቹ ጥሩምባ የለም። አባዬ ጄፕ፣ ሐበሻ በሚበዛበት የጆሃንስበርግ ገበያ ሰፈር ውስጥ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጥበትን ሱቅ ቆልፎ ቤት ተቀምጧል። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ አስተማሪዎቼ በሙሉ ስልኬ ውስጥ ገብተው በየመሐሉ ድምፃቸው ይቆራረጣል።

"ሳሙናውን አቀብዪኝ!" አለችኝ እናቴ።

ከጎናችን ባለው ገንዳ የሕፃን ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴት ዘወር አሉ። አጠር ያሉ፣ ጉንጫቸው ብርድ እንደመታው ቀላ ያለ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ ሴት ናቸው። እግራቸው ሥር አንዲት ሕፃን በልብስ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ታኝካለች።

"ሳምን?" አሉና የራሳቸውን ሳሙና ከፍ አድርገው አሳዩን።

እናቴ በሹክሹክታ፣ "አማርኛ ይችላሉ እንዴ?" አለችኝ።

አይችሉም ነበር። እንግሊዝኛም አይችሉም። እናቴ ጣቷን ወደ ሳሙናው ቀስራ "ሳሙና" አለች። ሴትዮዋ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ "ሳምን፣ ሳምን" አሉ። ከዚያ ሦስታችንም ሳቅን። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ስለ ሞት በሚያወራበት በዚያ ሳምንት ቤተሰባችን ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ይመስለኛል።

ማታ ልጃቸው በራችንን አንኳክታ ራቅ ብላ ቆመች። በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ፣ ባሏ ዛምቢያ ማዕድን ላይ ሳለ ድንበር የተዘጋበት ጎረቤታችን ናት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ አንተዋወቅም ነበር። እናቷ የመጡት ከኪርጊስታን መሆኑን ነገረችን። እሷ ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሕፃኗን ለጥቂት ወር ሊይዙላት መጥተው፣ የመመለሻቸው ጊዜ ሲደርስ አውሮፕላን ቆመ።

"እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ" አለችኝ በእንግሊዝኛ። "የሚያናግራቸው ሰው የለም። አልፎ አልፎ ብቅ ብትዪላቸው ደስ ይለኝ ነበር።"

እንዲህ ነው የጀመርነው። ልጅየዋ እናቷን "አፓ" ትላቸው ነበር፤ በኪርጊዝኛ እናት ማለት ነው፣ ጠና ላለች ሴትም ይሆናል። እኛም አፓ አልናቸው።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ማስክ አድርጌ፣ መስኮቱን ከፍተን፣ እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጠን መማማር ጀመርን። ስልኬ ላይ ያለው ተርጓሚ ኪርጊዝኛ ላይ ሲደርስ ይቀባጥራል። አንድ ጊዜ ለምሳ ምን እንደበሉ ብጠይቃቸው፣ ስልኩ ምን ብሎ እንደነገራቸው እንጃ፣ ደንግጠው ጫማቸውን አዩ። ስለዚህ ስልኩን ትተን በእጅና በፊት ተግባባን። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሙሉ ዓረፍተ ነገር "ሜን ሱ ኢቼም" የሚል ነው። ሜን እኔ፣ ሱ ውሃ፣ ኢቼም እጠጣለሁ። ስሰማው ከወንበሬ ተነሣሁ። በእንግሊዝኛ "እኔ እጠጣለሁ ውሃ" እያልኩ ነው ትምህርት ቤት ያደግሁት፤ እነዚህ በረዷማ ተራሮች መሐል የሚኖሩ ሰዎች ግን ግሱን እንደ እኛ መጨረሻ ላይ ያስቀምጡታል። ቃል በቃል አንሥቼ አማርኛ ብተካበት ቦታውን አይስትም።

ሮጬ ለአባዬ ነገርኩት። "የሰው ቋንቋ እንደዚህ ነው እንጂ!" አለ፣ ሌላው ሁሉ የተሳሳተ ይመስል።

አባዬ ከሆሳዕና ነው፤ የአፍ መፍቻው ሀዲይኛ። እናቴ ከዱራሜ ናት፤ የእሷ ከምባትኛ ነው። እርስ በርስ ሲያወሩ እሱ በራሱ፣ እሷ በራሷ ቋንቋ ነው፤ ሁለቱም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሌላውን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ሲሰሙ ስላደጉ አይቸገሩም። እሱ ውሃን ዎኦ ይላል፣ እሷ ዎአ። ከእኛ ከልጆቻቸው ጋር ሲሆኑ፣ ጄፕም ከወላይታውና ከጉራጌው ጋር ሲሆኑ፣ አማርኛ ይናገራሉ። እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ፣ ግን የምመልሰው ወይ በአማርኛ ወይ በእንግሊዝኛ ነው። ቤታችን እንዲህ ስለነበረ ነው መሰለኝ ቀጥሎ የሆነው ነገር እንግዳ ያልሆነብኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ጣሪያው ላይ አፓ ሕፃኗን መዳህ እያለማመዱ ነበር። "ኬል፣ ኬል!" ይሏታል፤ ነይ፣ ነይ። ሕፃኗ በፍጥነት ወደሳቸው ስትመጣ፣ ከሽቦው ማዶ ሸሚዛቸውን ያሰጡ የነበሩ አንድ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። በምድር ቤት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም፣ ፀጉራቸው ሙሉ ለሙሉ የነጣ። ከዚያ ቀን በፊት የሕንፃችን ጠባቂ "ማዳላ" ሲላቸው ብቻ ነበር የምሰማው፤ በዙሉ ቋንቋ ለትልቅ ሰው የሚባል ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና፣

"አሰላሙ አለይኩም፣ ኦፓ" አሉ።

አፓ ለሰላምታው መለሱ፤ ግን ፊታቸው ተቋጠረ። ሕፃኗን አንሥተው፣ ልብሱን እንኳ ሳያሰጡ፣ ደረጃውን ወረዱ። ሽማግሌው በእጃቸው ሸሚዝ እንደያዙ ቀሩ።

"ምን አጠፋሁ?" አሉኝ በስብርባሪ እንግሊዝኛ። እኔ ምን አውቄ!

ነገሩ የገባን በማግስቱ ነው። ሽማግሌው ኡዝቤክ ናቸው፤ ቋንቋቸው የኪርጊዝኛ ዘመድ ነው። በጆሃንስበርግ ለሚሠራ አንድ መስጊድ ሰማያዊ ሰድር ሊለጥፉ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር መጥተው፣ ሌሎቹ ቀድመው ሲመለሱ እሳቸው የጉልላቱን ሥር ሊጨርሱ ቀርተው፣ እንዲሁ ተዘጋባቸው። በማግስቱ በፍላታቸው ምድጃ የጋገሩትን ክብ ዳቦ፣ መሐሉን በሹካ ጥለት የወጉትን፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው በአፓ በር ላይ ቆሙ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"ኖን" አሉ ዳቦውን እያሳዩ።

"ናን" አሉ አፓ፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ ግን እጃቸውን ዘርግተው።

ሽማግሌው መናገር ጀመሩ፤ አፓም ሰሙ፤ ከዚያ አፓ መለሱ፤ ከዚያ ደግሞ አፓ ፎጣውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪንፈራፈሩ ሳቁ። ጉዳዩ ይሄ ነው። በኡዝቤክኛ ኦፓ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ሽማግሌው አክብሮታቸውን ነው የገለጹት። አፓ የሰሙት ግን በራሳቸው ቋንቋ "እናቴ" ሲሏቸው ነው።

"ይህን ሁሉ ሽበት ይዘው እኔን እናቴ?" ብለው ነበር ለካ የተቆጡት። ልጃቸው ማታ ስትተረጉምልን እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሽማግሌውን "አካ" እንድንላቸው ራሳቸው ነገሩን፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲያ አካና አፓ ሆኑልን።

አካ በየቀኑ ጣሪያው ላይ ይመጡ ጀመር። አንድ ቀን እንኳ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሲናገር አልሰማሁም። አፓ በኪርጊዝኛ ይጠይቃሉ፣ አካ በኡዝቤክኛ ይመልሳሉ። አልፎ አልፎ አንድ ቃል ሲያቅታቸው ሁለቱም የሚያውቁትን ሩሲያኛ ይወረውሩና ወዲያው ይመለሳሉ። እኔ ከመሐል ተቀምጬ ድምፆቹን አሳድዳለሁ። አፓ "ጆል" ያሉትን መንገድ አካ "ዮል" ይሉታል። አፓ "ጃክሽ" ካሉ፣ ጥሩ ነው ማለት ነው፣ አካ "ያኽሺ" ይላሉ። አፓ ሰውን "አዳም" ሲሉ አካ "ኦዳም" ይላሉ። አዳም ማለት ሰው መሆኑን ስሰማ ደነቀኝ፤ እኛም የአዳም ልጅ እንላለን። ሰዓትን ሳአትና ሶአት ይሉታል። አፓ እርሳስን "ካሌም" ሲሉ ሰምቼ የእኛ "ቀለም" ትዝ ካለኝ በኋላማ፣ ከዐረቦች የተበደርነውን የጋራ ዕቃ በሰው ቤት እንዳገኘ ሰው ሆኜ ሰነበትኩ።

"ካዛኮችስ?" አልኳቸው አንድ ቀን አካን።

"ካዛኮች እንደሳቸው ጆል ይላሉ" አሉኝ አፓን እያመለከቱ። "ቱርክመኖችና ኡይጉሮች እንደኔ ዮል ይላሉ።" ከዚያ ስለ ወጣትነታቸው አወሩኝ። የሶቪየት ወታደር ሳሉ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሰሜን ውስጥ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ካዛኩም፣ ቱርክመኑም፣ ካራካልፓኩም፣ ታታሩም ነበር። ትእዛዙ በሩሲያኛ ነው። ምሽት ሻይ ላይ ሲሰበሰቡ ግን ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ይቀልዳል፤ ሁሉም ይስቃል። "ካዛኩ በጣም ረጅም ቀልድ ያወራ ነበር" አሉ። "ግማሹ አይገባኝም። ሌሎቹ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሲገባኝ ብቻዬን እስቃለሁ።"

አባዬ አካን የወደዳቸው በሌላ ምክንያት ነው። አፓ እንደኛው "አንቺ" እና "እርስዎ"ን ይለያሉ፤ ሕፃኗን አንቺ ነው የሚሏት። አካ ግን፣ በአገራቸው ወግ፣ መዳህ ያልጨረሰችውን ሕፃን "እርስዎ" ይሏታል። "እርስዎ ለምን መቆንጠጫ ይበላሉ?" እንደማለት ነው። አባዬ ይህን ከነገርኩት በኋላ ጣሪያው ላይ ብቅ እያለ፣ ምንም ሳይገባው፣ ሕፃን አንቱ ስትባል ሊሰማ ይቀመጥ ነበር።

በግንቦት ጠዋት ጠዋት በእግር መንሸራሸር ተፈቀደ። የመጀመሪያው ቀን መንገዱ በሰው ተሞላ፤ ሰው እግር እንዳለው ድንገት ያስታወሰ ይመስላል። ሕፃኗን በጋሪ ይዘን፣ አፓ፣ አካ፣ እናቴና እኔ ወደ ጀርሚስተን ሐይቅ ሄድን። የመኸሩ ብርድ ገብቷል፤ ሣሩ ቢጫ ሆኗል፤ ከውሃው ላይ ስስ ጭጋግ ይነሣል። አፓ ሐይቁን ሲያዩ ፍጥነታቸው ጨመረ። ዳር ሲደርሱ ተንበርክከው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱና እርጥቡን እጅ ፊታቸው ላይ አደረጉ። እናቴ "ኧረ ቆሻሻ ነው!" ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

አፓ ያደጉት ኢሲክ ኮል ከሚባል ሐይቅ ዳር ነው። ትኩስ ሐይቅ ማለት ነው። ተራራው ሁሉ በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ ሐይቁ ወደ በረዶ አይለወጥም ይላሉ፤ በክረምት ከውሃው እንፋሎት ሲነሣ ባላቸው ፈረሶቹን ሊያጠጣ ይወርድ ነበር። ስለ ሟች ባላቸው ሲያወሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። አካ ከኋላ እንደቆሙ በራሳቸው ተራ ስለ ሸለቋቸው፣ ስለ ፈርጋና አወሩ። እዚያ ሐይቅ የለም፤ ቦይ ነው ያለው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በቤታቸው ፊት የሚያልፈው ቦይ ላይ የወደቀውን የአፕሪኮት ዛፍ አበባ የሚጠርግ የለም።

"ሳውቦና፣ ጎጎ!" አለ በሩጫ ያለፈ ጎረምሳ ለአፓ፣ በዙሉ ሰላምታ። አፓ ቀድሞ ከጠባቂያችን የተማሩትን "ዬቦ!" ብለው መለሱለት። ጎጎ አያት መሆኑን ስለሚያውቁ በዚህኛው አልተቆጡም።

ያ ወር ከዚያ በኋላ በሐሳብ ስመለስበት ሁሌ ፀሐይ አለው። ብርድ እንደነበረ አውቃለሁ፤ አፍንጫዬ ይቀላ ነበር። ግን የሚታየኝ ፀሐዩ ነው።

በሐምሌ የአፓ ልጅ ታመመች። መጀመሪያ ሽታ ጠፋባት፤ ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃታት። ነጭ የለበሱ ሰዎች በወንበር አውርደው ወሰዷት፤ አፓ ሕፃኗን ታቅፈው ከደጃፉ ላይ ቀሩ። እሳቸውና ሕፃኗ ከቤት እንዳይወጡ፣ ማንም ወደነሱ እንዳይገባ ተነገረን። እናቴ በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ እየሠራች በራቸው ሥር አስቀምጣ፣ አንኳክታ፣ ወደ ኋላ ትሸሻለች። አፓ በሩን ከፍተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔ በስልክ ሳናግራቸው "ጃክሽ፣ ጃክሽ" ይላሉ፣ ድምፃቸው ግን ጃክሽ አልነበረም።

አካ ያደረጉትን አልረሳውም። የፕላስቲክ ወንበራቸውን ይዘው ወደ እኛ ፎቅ ወጡ። የፍላታችን መተላለፊያ ወደ ግቢው የተከፈተ ረጅም በረንዳ ነው። ከአፓ በር ራቅ ብለው፣ ከደረጃው አጠገብ ወንበራቸውን አኖሩ፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ማስካቸውን አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማውራት ጀመሩ። ስለ ሰድር ያወራሉ፤ ስለ ወታደር ቤት ያወራሉ፤ ልጅ ሳሉ ስላሳደጉት አህያ ያወራሉ። ቆይቶ የመስኮቱ መስታወት ተከፈተ። ከዚያ የአፓ ድምፅ "ሶሥን?" ብሎ መጣ፤ ከዚያስ ማለታቸው ነበር መሰለኝ፣ ቃሉን በትክክል ይዤው እንደሆነ እንጃ። አካም ቀጠሉ።

ጠባቂው መጥቶ፣ "ማዳላ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም እኮ" አላቸው። ደግ ሰው ነበር፤ ግን የሕንፃው ባለቤት ይቆጣዋል።

"ሥራ ላይ ነኝ" አሉት አካ በእንግሊዝኛ።

ጠባቂው አያቸው፣ የተዘጋውን በር አየ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ብርድ ልብስ አመጣላቸው።

አፓና ሕፃኗ ሳይታመሙ ጊዜው አለፈ። እኛም እየተፈራረቅን መግባት ጀመርን፤ ሕፃኗ ከእናቴ እጅ ወደ አፓ፣ ከአፓ ወደ አካ ስትተላለፍ ትውል ነበር። በዚያው ሰሞን ነው አፏን የፈታችው። "ኤሚ! ኤሚ!" አለች አንድ ቀን በቁጣ፣ ሳህኑን እየገፋች።

እናቴ "እምቢ አለች! በአማርኛ እምቢ አለች!" ብላ ጮኸች።

አፓ ተቃወሙ። ኤሚ በኪርጊዝኛ "አሁን" ማለት ነው፤ ሕፃኗ አሁኑኑ የፈለገችው ነገር አለ። ሁለቱ ሲከራከሩ አካ ሕፃኗን ያዩ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው "ኤም" ማለት በእሳቸውም በአፓም ቋንቋ መጥባት መሆኑን ነገሩኝ። "እናታቸውን ፈልገው ነው" አሉ፣ እንደ ወትሮው ሕፃኗን አንቱ እያሉ። ስተረጉመው እናቴ ክርክሯን አቆመች። አፓ ሕፃኗን አንሥተው ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ መስኮቱ ሄዱ።

የአፓ ልጅ ግን ዳነች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ግማሽ አካሏን እዚያ ትታ የመጣች እስክትመስል ከስታ፣ በገዛ እግሯ ደረጃውን ወጣች። በየፎቁ እየቆመች ትተነፍሳለች። አፓ ከላይ ሆነው "ኬል፣ ኬል" ይሏታል፣ ሕፃኗን መዳህ ሲያለማምዱ እንደነበረው። ሕፃኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታያት አላወቀቻትም፤ በአካ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እናትየው ሳቀች እንጂ አላለቀሰችም። ማታ ግን በስሱ ግድግዳ በኩል እሷና አፓ ሲያለቅሱ ሰማን፤ እናቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረችው።

የጃካራንዳው አበባ ሲፈነዳ አውሮፕላን መብረር ጀመረ፤ አካም ቦታ አገኙ። ከዚያ አንድ እሑድ ፂማቸውን አበጥረው፣ ጥለት ያለባትን ባለ አራት ማዕዘን ቆባቸውን አድርገው ቤታችን መጡ። አባዬን ነው የፈለጉት። እኔ ላስተረጉም ተቀመጥኩ።

በእሳቸው አገር፣ አሉ፣ ሰው የሚፈልጋትን ሴት በራሱ አፍ አይጠይቅም። ትልቅ ሰው ይልካል። እዚህ ከተማ ውስጥ ከአባቴ በቀር ሊልኩት የሚችሉት ሰው የለም።

አባዬ ነገሩ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ሲገባው ተነሥቶ ቆመ። "ሽማግሌ ሁነህ ሂድልኝ ነው የሚሉት?"

"አዎ።"

"ለአፓ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

ከሎክዳውኑ ወዲህ ሱፉን ሲያወጣ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ሱሪው ጠቦት እናቴ ቁልፉን አዛወረችለት። ብቻዬን አልሄድም ብሎ እናቴንም አስከተለ። አፓ እኛን በዚያ አለባበስ ሲያዩ የሰው መርዶ የመጣ መስሏቸው ደነገጡ። አባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በሀገሩ ሽማግሌ እንደሚናገረው፣ "እኛ የመጣንበት ጉዳይ የበጎ ነው" ብሎ ጀመረ። እኔ በሰባራ ኪርጊዝኛዬ እከተለዋለሁ። ሽማግሌ የሚለው ላይ ስደርስ "አክሳካል" አልኩ፤ ነጭ ጢም ማለት ነው። አፓ ተላጭቶ የመጣውን የአባቴን አገጭ አዩ። አባዬም ቃሉ ገብቶት ይሁን አይቷቸው፣ አገጩን ዳበስ አደረገ።

አፓ ሲገባቸው ጉንጫቸው የባሰ ቀላ። ልጃቸው ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ኩባያ ስታስቀምጥ ድምፅ ተሰማ። አፓ በመጨረሻ እንዲህ አሉ፤ "ልጄ ገና ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ይህችኛዋ ገና ቆማ አልሄደችም። የእኔ ቤት ሐይቁ ጋ ነው፣ የሳቸው ሸለቆው ጋ፤ መሐሉ ድንበር ነው፣ ድንበሩም ተዘግቷል።" ከዚያ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስተካክለው፣ "ኮሮቡዝ" አሉ።

"እናያለን" ብዬ ተረጎምኩ።

በበረንዳው ስንመለስ አባዬ ተጨነቀ። "ይሄ እሺ ነው ወይስ እምቢ? ለሰውዬው ምን ብዬ ልንገር?"

"እናያለን አሉ፤ እናያለን በል" አለችው እናቴ።

አካ የሰሙት ቆመው ነው። ቃሉን ስነግራቸው በራሳቸው ቋንቋ ደገሙት፤ "ኮራሚዝ።" ከዚያ ለአባቴ ራኽማት ብለው ጎንበስ አሉ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ደስ ብሏቸው እንደሆነ ወይም ከፍቷቸው እንደሆነ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

የሄዱበት ቀን ሁላችንም ወደ በሩ ወረድን። ጠባቂው ሻንጣቸውን ይዞላቸዋል። አፓ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጧቸው፤ የመንገድ ምግብ ነው። እጅ ለእጅ አልተጨባበጡም፤ ያኔ ማንም ከማንም አይጨባበጥም ነበር። አፓ "አክ ጆል" አሉ። አካ "ኦቅ ዮል" ብለው ደግመው፣ ይህኛው ቃል ለተጓዡ የሚባል መሆኑን ረስተው ለቀሪዎቹ መልሰው መረቁ። ነጭ መንገድ ማለት ነው። መኪናው ማዕዘኑን እስኪታጠፍ ድረስ አፓ ቆመው አዩ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ እናቴን የልብስ መቆንጠጫ እንዳላት ጠየቋት።

ጠባቂው በጥር ሞተ፤ በበሽታው ሁለተኛ ማዕበል። ቀብሩ ገጠር ስለነበር መሄድ አልተፈቀደልንም። አፓ ለነፍሱ ብለው ቦርሶክ የሚባል በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ሠርተው በየበሩ አደሉ፤ እኛም ያልገባቸው ጎረቤቶችም ተቀብለን በላን። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ አፓም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሕፃኗ እየሮጠች ነበር ያን ጊዜ። የልጃቸው ባል ተመልሶ ኬፕታውን ሥራ አገኘና እነሱም ለቀቁ።

ድንበሩ ሲከፈት አካ ወደ ሐይቁ ሄዱ። ይህን የነገረችኝ የአፓ ልጅ ናት፣ በቪዲዮ እያሳየችኝ። የአፓን የምድጃ ግድግዳ በሰማያዊ ሰድር እየለጠፉ ነው፤ አፓ ከኋላ ቆመው አንዱ ሰድር ጠማማ መሆኑን ይናገራሉ፣ በኪርጊዝኛ። አካ ቀጥ ያለ መሆኑን ይመልሳሉ፣ በኡዝቤክኛ። አካ ክረምቱን በሸለቋቸው ያሳልፋሉ፤ በጋ ሲሆን ይመለሳሉ። አንዳንዴ አፓ ለአፕሪኮት ይወርዳሉ። እነሱ በደወሉ ቁጥር አባዬ ያው አንድ ጥያቄ አለው፤ "ተጋቡ ወይ?" እኔም እተረጉማለሁ። አንድ ቀን አፓ፣ "ለአባትሽ ንገሪው፤ ከሽማግሌነቱ ገና አላሰናበትነውም" አሉኝ። አባዬ ይህን መልስ ለጄፕ ሰዎች ሁሉ አውርቶላቸዋል።

ያንን ጊዜ ናፈቀኝ ስል ሰው ይገርመዋል። እኔም ይገርመኛል። ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ሱቅ ተዘጋ። አሁን ሥራ ይዣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነኝ፤ ስብሰባውም፣ ታክሲውም፣ ቅዳሜ የጄፕ ግርግሩም ተመልሷል። ግን ከቤት ውጭ እንደዚያ ያለ ወሬ አልሰማሁም፤ አንዱ ለሌላው ሲል ቋንቋውን የማይለውጥበት፣ አንዱም ሌላው እስኪጨርስ የሚጠብቅበት። እሑድ ከሰዓት ወላጆቼ ቤት ስሄድ ደጁ ላይ ቆሜ ከማንኳኳቴ በፊት ትንሽ እቆያለሁ። እነሱ ውስጥ ሆነው፣ እሱ በሀዲይኛ፣ እሷ በከምባትኛ፣ ያወራሉ፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እኔ።